የአዋሽ ሸለቆ አዕዋፍና ማደሪያዎቻቸው

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ



ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ሰመራ የሚጓዝ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ሙቀቱና ወደ ጅቡቲ ስለሚመላለሱት ከባድ መኪናዎች ነው። በመስኮት በኩል አንድ ጊዜ ወደ ሜዳው ይመለከትና «ይህ ሁሉ ደረቅ ምድር ነው፤ ምን ይኖርበታል?» ብሎ ነጠላውን በፊቱ ላይ ጣል አድርጎ ይተኛል። እኔም ሰመራ ወደምትኖረው አክስቴ ዘንድ ለዕረፍት ስሄድ የማደርገው እንዲሁ ነበር።

ባለፈው ዓመት ግን ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ስንለያይ የሥነ ሕይወት መምህራችን አንድ የቤት ሥራ ሰጡን። ሥራውም «በምትሄዱበት አገር የምታዩትን ወፍ ሁሉ፥ ካያችሁበት ቦታ ጋር በደብተራችሁ ጻፉ» የሚል ነበር። የወፍ ስም መጻፍ ምን ዕውቀት ይጠይቃል ብዬ በመጀመሪያ ነገሩን እንደ ቀላል ቈጠርኩት። ነገር ግን ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ ሄጄ ከተመለስኩ በኋላ ደብተሬን ብመረምረው አንድ ነገር ገባኝ። በወንዙ ዳር የጻፍኳት ወፍ በሜዳው የለችም፤ በሜዳው የጻፍኩት በገደሉ የለም፤ በገደሉ ያለውም በወንዙ ዳር አይገኝም። እያንዳንዱ ወፍ የራሱ ቤት አለው። ስለዚህ የሸለቋችንን አዕዋፍ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ስማቸውን ብቻ ሳይሆን ቤታቸውንም ማወቅ ይገባዋል። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ በአጭሩ ማስረዳት ነው።

1ኛ. ስለ አገሩ አቀማመጥ

የአዋሽ ወንዝ የሚነሣው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ነው። ከዚያም በስምጥ ሸለቆው ውስጥ እየወረደ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጅቡቲ ወሰን ላይ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ባሕር ሳይደርስ የሚቀር ወንዝ ነው። ውሃውን ሰውና ከብት፥ እርሻና አውሬ፥ ወፍም ጭምር በመንገዱ ላይ ይካፈሉታል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲኖራት ሰመራ ግን ከ450 ሜትር በታች ናት። ቁልቁል በተወረደ ቍጥር ዝናቡ እያነሰ፥ ሙቀቱ እየበረታ፥ ሣሩም እየሳሳ ይሄዳል። ምድሩ ሲለወጥ ማደሪያው ይለወጣል፤ ማደሪያው ሲለወጥም አዕዋፉ ይለወጣሉ።

በአዋሽ ከተማ አጠገብ ያለው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ1969 ዓ.ም. በሕግ የጸና ሲሆን ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ቦታ እስከ ዛሬ ከ450 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል። በመላው ኢትዮጵያ የሚታወቁት ከ850 በላይ መሆናቸውን ስናስብ፥ ከአገራችን የወፍ ዓይነቶች ግማሽ ያህሉ በዚህች ጠባብ ቦታ ታይተዋል ማለት ነው። ምክንያቱም ምሥጢር አይደለም። በፓርኩ ውስጥ ተራራ፥ ሜዳ፥ ግራር፥ ወንዝ፥ ፍል ውሃና ፏፏቴ ተቀራርበው ስለሚገኙ ነው። ቤቱ ብዙ ዓይነት ከሆነ ነዋሪውም ብዙ ዓይነት ይሆናል።

እንግዲህ ማደሪያ ስንል አንድ ወፍ ለኑሮው የሚያስፈልጉትን አራት ነገሮች የሚያገኝበትን ቦታ ማለታችን ነው። እነዚህም ምግብ፥ ውሃ፥ እንቍላል የሚጥልበት ስፍራና ከጠላት የሚሸሸግበት ከለላ ናቸው። ከአራቱ አንዱ ቢጐድል ወፉ ይሄዳል፤ መሄጃ ካጣም ይጠፋል። ይህን አሳብ በልባችን ይዘን አሁን ማደሪያዎቹን በየተራ እንመልከት።

2ኛ. ተራራና ገደል

ከአዋሽ ከተማ ወደ ምዕራብ የሚመለከት ሰው የፈንታሌን ተራራ ያያል። ፈንታሌ የእሳተ ገሞራ ተራራ ሲሆን ከፍታው 2,007 ሜትር ነው። በ2017 ዓ.ም. አካባቢውን ደጋግሞ ያናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥ ምድሪቱ ዛሬም እንዳላረፈች ለሁላችንም አስታውሶናል።

ገደል ለወፍ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው ጅብና ቀበሮ ሊደርሱበት የማይችሉት የጎጆ ቦታ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ፀሐይ ዓለቱን ስታግለው የሚነሣው ሞቃት አየር ነው። ታላላቆቹ ጥንብ አንሣዎች ክንፋቸውን ዘርግተው፥ ሳያርገበግቡ፥ በዚህ አየር ተደግፈው ወደ ላይ ይወጣሉ። ከእነዚህ አንዱ በጀርመናዊው አገር አሳሽ በኤድዋርድ ሩፔል ስም የሚጠራው ጥንብ አንሣ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. የዚህ ዓይነት ወፍ በምዕራብ አፍሪካ ሰማይ ላይ ከአንድ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ነበር፤ ያን ጊዜ አውሮፕላኑ የነበረበት ከፍታ 11,300 ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ በላይ ሲበር የተመዘገበ ወፍ የለም።

አጥንት ሰባሪ የምንለውም አሞራ የገደል ነዋሪ ነው። ሌሎቹ ሥጋውን ከጨረሱ በኋላ አጥንቱን ይዞ ይወጣና ከከፍታ በድንጋይ ላይ ጥሎ ይሰብረዋል። ከዚያ ወርዶ ቅልጥሙንና ስብርባሪውን ይበላል። በፈንታሌ ሥር ከተራራው በፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ መካከል ደግሞ አንዲት ጠቈር ያለች ትንሽ ወፍ ትኖራለች። መልኳ ከድንጋዩ ስለማይለይ ካልተንቀሳቀሰች አትታይም። በዓለም ላይ በጥቂት ቦታዎች ብቻ የምትገኝ በመሆኗ እርሷን ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎች አሉ። እኛ ግን ጎረቤቶቿ ሆነን አናውቃትም።

3ኛ. የሣር ሜዳ

ከተራራው ወርደን ወደ ሜዳው ስንመጣ ኢላላ ሳላ የተባለውን የፓርኩን ሰፊ የሣር ሜዳ እናገኛለን። የሜዳ ወፍ የሚታወቀው በእግሩ ነው። በሣር መካከል ለመሄድና ጠላትን ከሩቅ ለማየት ረጅም እግርና ረጅም አንገት ያስፈልጋልና።

የሜዳው ታላቅ ነዋሪ ሰጎን ነው። ክብደቱ ከ100 ኪሎ ግራም ያልፋል፤ መብረር አይችልም፤ ነገር ግን በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። በእኛ አገር በምሥራቅ በኩል የሚገኘው የሶማሌ ሰጎን አንገቱና እግሩ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ በመሆኑ ከሌላው ይለያል፤ ሊቃውንትም በፈረንጆች አቈጣጠር ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ራሱን የቻለ ዓይነት አድርገው ቈጥረውታል። ቀን ግራጫዋ ሴቷ፥ ሌሊት ደግሞ ጥቁሩ ወንዱ እየተፈራረቁ እንቍላሉን ያቅፋሉ። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጕልላት ላይ የሰጎን እንቍላል ተሰክቶ የምናየው፥ ሰጎን ዐይኗን ከእንቍላሏ እንደማታነሣ ሰውም ልቡን ከአምላኩ እንዳያነሣ ምሳሌ እንዲሆን ነው ይባላል።

በዚሁ ሜዳ ኮሪ ባስታርድ የሚባል ትልቅ ወፍ አለ። ወንዱ እስከ 18 ኪሎ ግራም ሊመዝን ስለሚችል ከአፍሪካ በራሪ አዕዋፍ ሁሉ ከባዱ ነው። በጀርባውም ላይ አንዳንድ ጊዜ ደማቅ ቀይ ላባ ያላት ንብ በላ ወፍ ተቀምጣ ትታያለች። ትልቁ ወፍ በሣሩ ውስጥ ሲራመድ አንበጣና ፌንጣ ይነሣል፤ እርሷም ከጀርባው ተነሥታ በአየር ላይ ትይዝና ተመልሳ ትቀመጣለች። ለትልቁ እግሩ፥ ለትንሿ ክንፏ እንጀራዋ ሆነ ማለት ነው። ጸሐፊ ወፍ የሚባለውም ከዚህ አይርቅም። ከራሱ በስተ ኋላ ያሉት ረጃጅም ላባዎች የጥንት ጸሐፊ በጆሮው ላይ የሰካውን ብዕር ስለሚመስሉ ይህ ስም ተሰጠው። እባብን በእግሩ ረግጦ ይገድላል። በፈረንጆች አቈጣጠር ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ላይ ሊጠፉ ከተቃረቡት አዕዋፍ መዝገብ ገብቷል።

4ኛ. የግራር ዱር

ሜዳው አልቆ ግራር ሲጀምር የወፉ ድምፅ ይበዛል። እሾህ ለእኛ ጠላት ቢሆን ለትንንሽ አዕዋፍ አጥር ነው። ጅግራዎች በመንጋ ሆነው ከሥሩ ይጭራሉ። ጎጆ ጎንጓኝ ወፎችም ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ከሣር የተሠራ ቅርጫት የሚመስል ጎጆ ያንጠለጥላሉ። በብዙዎቹ ዘንድ ሠሪው ወንዱ ነው፤ ሴቷ መጥታ ትመረምረዋለች፤ ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የታጠፈው፥ ፈረንጆች ሆርንቢል የሚሉት ወፍ ነው። ሴቷ እንቍላል ልትጥል ስትል በዛፍ ፍልፍል ውስጥ ትገባና በሩን በጭቃና በኵሷ ትመርገዋለች። ምንቃር የምታሾልክበት ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ይቀራል። ባሏ በዚያች ስንጥቅ ምግብ ያቀብላታል። እባብም ሆነ ሌላ አውሬ ሊደርስባት አይችልም። እንግዲህ ይህች ወፍ የምትኖረው ፍልፍል ያለው አሮጌ ዛፍ ሲኖር ብቻ መሆኑን ልብ እንበል። «ይህ ዛፍ አርጅቷል፤ ለከሰል ይሁን» ብሎ የሚቈርጥ ሰው ሳያውቀው የእርሷን ቤት ያፈርሳል።

5ኛ. የወንዝ ዳርና ሐይቅ

ከግራሩ አልፈን ወደ ወንዙ ስንደርስ ትልልቅ የሾላና የግራር ዛፎች በአዋሽ ዳርና ዳር ቆመው እናገኛለን። እዚህ ዓሣ በል ንስር ከፍ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጮኻል። ራሱና ደረቱ ነጭ ስለሆነ ከሩቅ ይታወቃል። ዓሣ አጥማጅ ወፎችም አሉ። ጥቁርና ነጭ የሆነችው ዓይነት በአየር ላይ አንድ ቦታ ቆማ ክንፏን እያርገበገበች ውሃውን ታይና ድንገት እንደ ቀስት ትወረወራለች። እነዚህ ወፎች ጎጆአቸውን የሚሠሩት በወንዙ ዳር ባለው የአፈር ገደል ውስጥ ጕድጓድ ቈፍረው ነው።

በፓርኩ ሰሜን ባለው በፍል ውሃ አካባቢ ዘንባባ ይበቅላል። በዘንባባ ላይ የምትኖር አንዲት ቀጭን ወፍ ጎጆዋን ከቅጠሉ ሥር በምራቋ ታጣብቃለች። እንቍላሏንም እንዳይወድቅ እንዲሁ ታጣብቀዋለች። ነፋስ ቅጠሉን ሲያወዛውዘው ጎጆው አብሮ ይወዛወዛል፤ እንቍላሉ ግን አይወድቅም።

ስለ ሐይቆቻችንም ጥቂት ልበል። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ከስልሳ ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረ ሲሆን ዛሬ ከዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ ሰፍቷል። ውሃው ጨዋማ ነው። በሌላው ጫፍ፥ ወንዙ በሚያልቅበት በአቤ ሐይቅ፥ ፍላሚንጎዎች ይገኛሉ። ፍላሚንጎ ራሱን ገልብጦ ምንቃሩን በውሃው ውስጥ በመድፈቅ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸውን ነገሮች ያጠላል። ቀይ መልኩንም የሚያገኘው ከሚበላው ምግብ ነው። በጣፋጭ ውሃ ዳር የሚኖረው ዓሣ አጥማጅ በአቤ ዳር ሊኖር አይችልም፤ ፍላሚንጎም በአዋሽ ፏፏቴ ሥር አይውልም። ሁለቱም የውሃ ወፎች ናቸው ብንልም ቤታቸው ግን ለየብቻ ነው።

6ኛ. በረሃ

ገዋኔን አልፈን ወደ ሚሌ ስንቃረብ ምድሩ ይራቆታል። በዚህ በኩል ያንጉዲ ራሳ የተባለው ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ በይበልጥ የሚታወቀውም በዱር አህያው ነው። ወፍ የለበትም የሚመስለው ይህ ምድር ትልቅ ትምህርት ያስተምራል።

በበረሃው ውስጥ ቆቅ የምትመስል፥ ላባዋ አሸዋ የመሰለ ወፍ አለች፤ ፈረንጆች ሳንድግራውዝ ይሏታል። ምግቧ ደረቅ ዘር ስለሆነ በየቀኑ ውሃ መጠጣት አለባት። ጫጩቶቿ ግን ገና መብረር የማይችሉ ሲሆኑ ውሃው ብዙ ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል። ታዲያ ጫጩቶቹ እንዴት ይጠጣሉ? አባትየው ማለዳ ወደ ውሃው ይበርና ሆዱን ነክሮ ይቆማል። የሆዱ ላባ እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚይዝ ሆኖ የተፈጠረ ነው። ከዚያም ተመልሶ ይመጣና ጫጩቶቹ ከላባው ላይ ይመጠምጣሉ። ይህ ነገር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1896 ዓ.ም. ሲጻፍ ብዙ ሊቃውንት አላመኑም ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ግን በተደረገ ምርመራ እውነት መሆኑ ተረጋገጠ። ውሃ በጀሪካን የሚያመላልሱ የአፋር እናቶችን ያየ ሰው የዚህን ወፍ ሥራ በቀላሉ ይረዳዋል።

7ኛ. የሰመራ እንግዶች

ማደሪያ ሁሉ ዱር ብቻ አይደለም፤ ከተማም ለአንዳንድ ወፍ ማደሪያ ነው። በጥር ወር ሰመራ ስደርስ በመንገዱ ዳር ባሉት የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች ላይ ነጫጭ አሞራዎች ተደርድረው አየሁ። ክንፋቸው ጫፉ ጥቁር፥ ፊታቸው ቢጫ ነው። እነዚህ የግብፅ ጥንብ አንሣ የሚባሉት ሲሆኑ ብዙዎቹ የእኛ አገር ተወላጆች አይደሉም። ከቡልጋሪያ፥ ከቱርክና ከካውካሰስ ተራሮች በኩል ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ እንግዶች ናቸው። በአፋር ምድር በክረምታቸው ወራት ከአንድ ሺህ በላይ ተቈጥረዋል። በዓለም ላይ ሊጠፉ ከተቃረቡት ወገን ስለሆኑ ይህ ትልቅ ቍጥር ነው።

ጥበባቸውም የታወቀ ነው። የሰጎን እንቍላል በምንቃራቸው አልሰበር ሲላቸው ድንጋይ አንሥተው እየወረወሩ ይሰብሩታል።

የሸለቋችንን እንግዶች ብዛት ለመገመት አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. በመጸው ወራት፥ ከየመን ወደ ጅቡቲ በባብ ኤል መንደብ ጠባብ ባሕር ላይ የተሻገሩት ንስሮችና ጭልፊቶች ሲቈጠሩ ከ240,000 በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ከዚያ ወደ ውስጥ ሲገቡ የሚጠብቃቸው የእኛ ሸለቆ ነው። ነጭ ሽመላም እንዲሁ ከአውሮፓ መጥቶ በእርሻችን ላይ አንበጣ ይለቅማል።

8ኛ. ስለ ጥቅማቸው

አንዳንድ ሰው «ጥንብ የሚበላ አሞራ ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። ለዚህ መልሱን ከሕንድ አገር እናገኛለን። በሕንድ ከብቶች ዲክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር። ከብቱ ሲሞት ሥጋውን የበሉ ጥንብ አንሣዎች ኵላሊታቸው እየተበላሸ አለቁ፤ ከመቶው ከዘጠና አምስት በላይ የጠፉ ዓይነቶች አሉ። ምክንያቱ የታወቀው በፈረንጆች አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. ነው፤ በ2006 ዓ.ም. መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ተከለከለ። በዚያ መካከል ግን ጥንቡን የሚያነሣ ስለጠፋ ውሾች በዙ፤ የእብድ ውሻ በሽታም የሰው ሕይወት አጠፋ። በአፋር ከብት፥ ግመልና ፍየል የኑሮ መሠረት እንደመሆናቸው ጥንብ አንሣ ያለ ደመወዝ የሚሠራ የጽዳት ሠራተኛችን ነው።

እርግጥ ነው፥ ሁሉም ወፍ ለገበሬ ወዳጅ አይደለም። ግሪሳ ወፍ በመንጋ መጥቶ የማሽላ እርሻ ሲያወድም የደከመው ገበሬ ያለቅሳል። ስለዚህ ወፍን ሁሉ እንውደድ ማለቴ ሳይሆን እንወቅ ማለቴ ነው። የማያውቅ ሰው ግሪሳውንና ንብ በላዋን አይለይም፤ ሁሉንም በድንጋይ ይመታል።

9ኛ. ቤታቸው ሲፈርስ

አሁን ወደ ዋናው አሳቤ እመለሳለሁ። በዚያ ጉዞ ገዋኔ ላይ መኪናችን ለምሳ ቆሞ ሳለ፥ አማርኛ አሳምረው የሚናገሩ አንድ የአፋር ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። እኔም ደብተሬን ይዤ «አባባ፥ በዚህ አካባቢ ሰጎን አለ ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌውም በእጃቸው ወደ ውጭ አመለከቱኝና «ልጄ፥ አንተ መጀመሪያ ሰጎን የሚሮጥበትን ሜዳ አሳየኝ፤ ከዚያ በኋላ እኔ ሰጎኑን አሳይሃለሁ» አሉኝ። ወዳመለከቱኝ ብመለከት፥ ጥቅጥቅ ካለ አረንጓዴ እሾህ በቀር ሌላ አልነበረም።

ይህ እሾህ ፕሮሶፒስ ይባላል፤ አፋሮች ደርጊ ሃራ፥ ማለትም የደርግ ዛፍ ይሉታል። ትውልዱ አሜሪካ ነው። ወደ አዋሽ ሸለቆ የገባው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት፥ በረሃውን እንዲያለማና ጥላ እንዲሰጥ በበጎ አሳብ ነበር። ነገር ግን ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ ከብቶች ይበሉታል፤ ዘሩም ሳይፈጭ ከፋንድያቸው ጋር በየሄዱበት ይወድቃል። ሥሩ ወደ ጥልቅ ውሃ ይደርሳል። ሣሩን ከሥሩ ያጠፋዋል። ከሩቅ ሲያዩት ልምላሜ ይመስላል፤ ሆኖም ላሟ አትሰማራበትም፤ ሰጎንም አይሮጥበትም፤ ኮሪም አይራመድበትም። እንግዲህ ሰጎንን የገደለው አዳኝ ብቻ አይደለም። ማንም ሳይተኩስ ቤቱ ተወስዶበታል። የሽማግሌው ከብትና የሜዳው ወፍ ችግራቸው አንድ መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ነገር በሰመራ ያየሁት ነው። አንድ ቀን ማለዳ ከከተማው ዳር ስዘዋወር ከአንድ የብረት ምሰሶ ሥር አንድ ነጭ ጥንብ አንሣ ሞቶ አገኘሁ። የአንዱ ክንፉ ላባ ተቃጥሎ ነበር። ለአክስቴ ብነግራት «ምስኪን! እርሱ ባይኖር የሞተው ፍየል ሁሉ በየደጃችን ይሸት ነበር» አለች። ነገሩ እንዲህ ነው። ወፉ በሽቦው ላይ ብቻ ቢቀመጥ አይጐዳም። ክንፉን ሲዘረጋ ሽቦውንና ከመሬት የተገናኘውን ብረት በአንድ ጊዜ ከነካ ግን የኤሌክትሪኩ ኃይል በሰውነቱ ውስጥ ያልፍና ይገድለዋል። በሱዳን አገር በፖርት ሱዳን አጠገብ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1950ዎቹ የተዘረጋ አንድ መስመር ለብዙ ዓመታት እጅግ ብዙ የግብፅ ጥንብ አንሣዎችን ሲገድል ቆይቶ በ2014 ዓ.ም. ተቋርጧል። ከቡልጋሪያ ተራራ ተነሥቶ ባሕርና በረሃ ያቋረጠ ወፍ ለማረፍ በተቀመጠበት ምሰሶ ላይ መሞቱ ያሳዝናል። ለከተማችን መብራት አስፈላጊ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ይሁን እንጂ መብራትና ወፍ አብረው መኖር ይችላሉ። ለወፍ አደገኛ የሆኑትን ምሰሶዎች ለይቶ ሽቦውን በማይተላለፍ ነገር መሸፈን በሌሎች አገሮች የተፈተነ ዘዴ ነው።

10ኛ. ከእኛ ከተማሪዎች ምን ይጠበቃል?

ተማሪ ምሰሶ አይሠራም፤ ሕግም አያወጣም። ነገር ግን ከአቅማችን በላይ ያልሆኑ ነገሮች አሉ።

ሀ) ፕሮሶፒስ ገና ቡቃያ ሳለ በእጅ ይነቀላል። ካደገ በኋላ መጥረቢያም ይቸግረዋል። በትምህርት ቤታችንና በሰፈራችን ዙሪያ የበቀለውን ቡቃያ መንቀል እንችላለን። ፍሬውንም ለከብት መስጠት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ቢፈጨው ዘሩ ስለሚሞት አይዛመትም፤ ይህን ለወላጆቻችን ማስረዳት የእኛ ፋንታ ነው።

ለ) ጅብን ለመግደል በጥንብ ላይ መርዝ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ያ መርዝ ከጅቡ በፊት ጥንብ አንሣውን ይገድላል። ይህን ለሚያደርግ ጎረቤት በትሕትና መንገር ይገባል።

ሐ) የሰጎን እንቍላል ከሜዳ አለማንሣት፥ ከሚሸጥም አለመግዛት።

መ) ከምሰሶ ሥር የሞተ ወፍ ያየ ሰው ቀኑንና ቦታውን መጻፍ አለበት። የሽቦ አደጋ ስላለበት ግን አይጠጋ፤ እኔ ቀርቤ ማየቴ ስሕተት ነበር። እንዲህ ያለ መዝገብ በብዛት ሲገኝ ለሚመለከተው ክፍል የትኛው ምሰሶ መሸፈን እንዳለበት ያሳያል። በባዶ እጅ ከመጮኽ ዝርዝር ይዞ መቅረብ ይሻላል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተናገርኩት ሁሉ አንባቢ አንድ ነገር ብቻ ቢይዝልኝ ይበቃኛል። እርሱም ወፍን መጠበቅ ማለት ቤቱን መጠበቅ ነው የሚል ነው። ገደሉን ለአጥንት ሰባሪ፥ ሜዳውን ለሰጎን፥ አሮጌውን ግራር ለሆርንቢል፥ የወንዙን ዳር ለዓሣ አጥማጅ ብንተውላቸው ሌላ ነገር አይጠይቁንም።

እኔ በዚህ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ከዚህ ትምህርት ቤት እሰናበታለሁ። ያ ደብተር ግን ገና ብዙ ባዶ ገጾች አሉት። ለሥነ ሕይወት ክበባችን አስረክቤዋለሁ። ወደ ገዋኔ፥ ወደ ሚሌ፥ ወደ አሳይታ ወይም ወደ ሰመራ ለዕረፍት የምትሄዱ ታናናሾቼ፥ በመኪናው ውስጥ ነጠላችሁን ተከናንባችሁ አትተኙ። ያያችሁትን ከነቦታው ጻፉበት። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚያነበው ተማሪ የትኛው ወፍ እንደቀረና የትኛው ቤት እንደፈረሰ የሚያውቀው ከእናንተ ጽሕፈት ነው።